ወንፊቱን የሠራው ማን ነው? ስለ ፈተናና ስለ ምርጥ ትምህርት ቤቶች ለሽንፋ ሕዝብ የቀረበ ንግግር



ንግግሬን በቁጥር ልጀምር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲገለጽ፣ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ መሆናቸውን ሰማን። ከመቶ 3.3 ማለት ነው። በዚያው ፈተና 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2015 ያለፈው 3.2 በመቶ ሲሆን ባዶ እጃቸውን የቀሩት ትምህርት ቤቶች ደግሞ 1,328 ደረሱ። በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ አለፈ። መሻሻል አለ፤ ቢሆንም ከመቶ ልጆች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት አሁንም ከመስመሩ በታች ናቸው።

እነዚህ ቁጥሮች በሬዲዮ በተነገሩ ማግስት በየቤቱ የተባለውን ታስታውሳላችሁ። «ልጁ ወደቀ» ተባለ። «ልጅቷ አልመጣላትም» ተባለ። አንድም ተማሪ ያላሳለፈ ትምህርት ቤት ግን ወደቀ ሲባል አልሰማሁም። አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ አንድ ላይ ሰነፍ ሆኖ አይወለድም። መምህሩ ስንት ቀን ገባ? መጽሐፉ ለስንት ተማሪ አንድ ደረሰ? ጥቅምትን ልጁ የት ነበር? ፈተናው ይህንን ሁሉ አብሮ መዝኖታል፤ ውጤቱ ሲመጣ ግን የልጁ ስም ብቻ ተጽፎበት ይመጣል። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ስለዚህ ጉዳይ ነው።

እኔ ሚኒስትሪ የተፈተንኩት በደርግ ዘመን ነው። እኩዮቼ ያንን ሳምንት የሚረሱት አይመስለኝም። በዋዜማው እናት የምንለብሰውን አጥባ ታሰጣለች፤ እርሳስ፣ ላጲስና መቅረጫ ተገዝተው በጨርቅ ይታሰራሉ። ጠዋት በሰልፍ ቆመን ስማችን እየተጠራ፣ ፊታችን ከፎቶግራፉ ጋር እየተመሳከረ እንገባለን። በአንድ ዴስክ ላይ አንድ ተማሪ ይቀመጣል። ፈታኙ የታሸገውን ፖስታ ከፍ አድርጎ ለሁላችን ያሳያል፤ ከመካከላችን ሁለት ተማሪዎች ወጥተው ማሸጊያው እንዳልተነካ አይተው ይፈርማሉ። ከዚያ ፖስታው ይቀደዳል። በዚያ ዝምታ ውስጥ የሚሰማው የወረቀት መቀደድ ብቻ ነው። የመልስ ወረቀቱን ክብ ስናጠቁር ከመስመር እንዳይወጣ የምንጠነቀቀው ጥንቃቄ ጣትን ያደነዝዝ ነበር፤ «ማሽኑ አያነብላችሁም» ተብለናልና።

ውጤቱ በክረምት መጥቶ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። በሂሳብ ሁላችንንም የሚያስከነዳ አንድ የክፍል ጓደኛ ነበረኝ። በፈተናው ሰሞን ወባ ይዞት እየተንቀጠቀጠ ነው የተፈተነው። ስሙ ዝርዝሩ ላይ አልነበረም። በዓመቱ ሊደግም ይችል ነበር፤ አባቱ ግን «ሞክረነው አልሆነም» ብለው ከብት አስይዘው ወደ በረሃ አወረዱት። ዛሬ ሽማግሌ ሆኗል። ገበያ ላይ ስንገናኝ የሰሊጡን ኪሎ በኪሎው ዋጋ በቃሉ አባዝቶ፣ ነጋዴው ካልኩሌተሩን ተጭኖ ሳይጨርስ ሂሳቡን ይነግረዋል። የዚያን ቀን ፈተና የመዘነው ምኑን ነበር እያልኩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ሂሳቡን ነው ለማለት ይከብደኛል።

እንዲህ በፈተና ልጅን መርጦ ማስተማር በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ዘመናዊው ትምህርት ራሱ የተጀመረው በጥቂት ቦታ ለጥቂት ሰው ነው። ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917 ተከፈተ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1935 ኮተቤ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በ1938 ደግሞ በእንግሊዞች ረዳትነት ጄኔራል ዊንጌት ተከፈቱ። ከየጠቅላይ ግዛቱ የተመረጡ ልጆች አዳሪ ሆነው ይማሩባቸው ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የነዚህ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች የሚቀመጡት ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ፈተና ነበር። ከጎጃም ወይም ከበጌምድር የመጣ የገበሬ ልጅ መልሱ ለንደን ሄዶ ይታረም ነበር ማለት ነው። እኛ «ማትሪክ» ብለን የምንጠራው የአገር ውስጥ ፈተና የተተካው ከዚያ በኋላ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም ደግሞ በልዑል በዕደ ማርያም ትምህርት ቤት ከየክፍለ ሀገሩ ጎበዝ የተባሉት ተሰብስበው በዩኒቨርሲቲው ሥር 12ኛ ክፍልን እንዲማሩ ይደረግ ነበር።

የነዚያን ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ስታዳምጧቸው አንድ ነገር ደጋግመው ያነሣሉ፤ ቤተ መጻሕፍቱን። ቀጥሎ ማታ የማይጠፋውን መብራት። ቀጥሎ በሰዓቱ የሚቀርበውን ምግብ። ቀጥሎ ክፍል የማይቀረውን መምህር። የምርጦቹ ትምህርት ቤት ምሥጢር ይኸው ነው። ልጆቹ ጎበዞች ነበሩ፤ እውነት ነው። ነገር ግን ጎበዝ ስለሆኑ የተሰጣቸው ማንኛውም ልጅ ለመማር የሚያስፈልገው ነገር ነበር። ዛሬም መቀሌ እንዳለው ቀላሚኖ ያሉ ልዩ ትምህርት ቤቶችና በየክልሉ የተከፈቱ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ስማቸው ከውጤት ጋር ሲነሣ ደስ ይለኛል፤ የአገር ሀብት ናቸው። ግን የነሱ ውጤት ለኔ የሚነግረኝ ነገር አለ፦ መጽሐፍ፣ መብራት፣ ምግብና መምህር በአንድ ላይ ሲገኙ የኢትዮጵያ ልጅ ያልፋል።

እነዚህ ምርጥ ትምህርት ቤቶች የሚያስከፍሉን ዋጋም አለ። ከአንድ የወረዳ ትምህርት ቤት ጎበዞቹ በየዓመቱ ተመርጠው ሲሄዱ፣ የቀረው ክፍል ጥያቄ የሚጠይቅ፣ ለጓደኛው የሚያስረዳ፣ መምህሩን ተዘጋጅቶ እንዲገባ የሚያስገድድ ልጅ ያጣል። ይህንን መምህራን በደንብ ታውቁታላችሁ።

አሁን ትንሽ ራቅ ልበልና ወደ እንግሊዝ አገር ልውሰዳችሁ። ምርጫን አጽንቶ አገር ምድሩን ሁሉ ያዳረሰ፣ ኋላም አብዛኛውን መልሶ የተወ አገር ስለሆነ ብዙ ያስተምረናል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1944 ባወጡት የትምህርት ሕግ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ለሁሉም በነጻ ሆነ። ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ልጆቹ 11 ዓመት ሲሆናቸው ይፈተኑ ነበር፤ ሂሳብ፣ እንግሊዝኛና የአእምሮ ብቃት መለኪያ ጥያቄ። ከአራት ወይም ከአምስት ልጅ አንዱ የሚያህለው አልፎ ግራመር ስኩል ወደሚባለው ትምህርት ቤት ይገባል፤ በር የተከፈተለት ወደ ዩኒቨርሲቲና ወደ ቢሮ ነው። የቀረው በአብዛኛው ሌላ ዓይነት ትምህርት ቤት ይገባል፤ ብዙዎቹ ከዚያ በ15 ዓመታቸው ወደ ፋብሪካና ወደ ሱቅ ሥራ ይወጣሉ። በአንድ ጠዋት፣ ገና በ11 ዓመት። ዛሬ ያረጁ እንግሊዛውያን ያንን ቀን ሲያነሡ ድምፃቸው ይለወጣል። ያለፈው ብስክሌት ተገዝቶለታል፤ ያልተገዛለት ወንድሙ በሌላ አውቶቡስ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሄዷል። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት የትምህርት ቤት ልብስ ተሰቅሎ ያደጉ ወንድማማቾች አሉ።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔን ያስገረመኝ የመቁረጫው ነጥብ ነው። የግራመር ስኩል ወንበር በየአውራጃው እኩል አልነበረም። አንዱ አውራጃ ከአሥር ልጆች አንዱን ብቻ የሚያስገባበት ወንበር ሲኖረው ሌላው ለአራት የሚበቃ ነበረው። አንድ ልጅ አእምሮው ሳይለወጥ፣ ቤተሰቡ ቤት ስለ ቀየረ ብቻ አላፊ ወይም ወዳቂ ሊሆን ይችል ነበር ማለት ነው። ሴቶች ልጆች ደግሞ በዚያ ዕድሜ ከወንዶቹ የተሻለ ያመጡ ስለነበር በብዙ ቦታ የነሱ መቁረጫ ከፍ ይደረግ ነበር፤ አለዚያ ወንበሩን ሴቶች ይሞሉታል ተብሎ። ነገሩ እስከ ቅርብ ጊዜ ዘልቆ በርሚንግሃም ከተማ ለወንዶች 540፣ ለሴቶች ግን 360 የግራመር ስኩል ወንበር ብቻ ስለነበራት ጉዳዩ የአገሪቱ የመጨረሻው ፍርድ ቤት ደርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ሕገ ወጥ አድልዎ ነው ተብሎ ተወሰነ።

ሰሊጥ የሚያበጥር ሰው ይህን ይረዳዋል። ከወንፊቱ ያለፈው እህል ብዛት በእህሉ ብቻ አይወሰንም፤ የወንፊቱን ዓይን ያጠበበው ወይም ያሰፋው ሰው አብሮ ወስኖታል። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ ምርጫው እንዲቀር አውራጃዎቹን ጠየቀ፤ አብዛኞቹ ተስማሙ። ዛሬ በእንግሊዝ 163 ግራመር ስኩሎች ብቻ ቀርተዋል። በነዚህም ውስጥ የድኻ ልጅ ቁጥር ትንሽ ነው፤ አቅም ያለው ወላጅ ልጁን ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ አስጠኚ ቀጥሮ ያዘጋጃልና።

በኛ አገር ስለ ሴቶች የተደረገው ተቃራኒው ነው። ለረዥም ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ የሴቶች መቁረጫ ከወንዶች ዝቅ ይደረግ ነበር፤ ለታዳጊ ክልሎች ተማሪዎችም እንዲሁ። «ይህ ሴቶችን ማዋረድ ነው» የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። አልስማማበትም። ከገጠር ቀበሌ ሽንፋ መጥታ ክፍል ተከራይታ የምትማር ልጅ እሑድ ማታ የሳምንት ስንቋን ተሸክማ ትመጣለች፤ ዓርብ እናቷን ልታግዝ ትመለሳለች። በመካከሉ ውኃ ትቀዳለች፣ ወጥ ትሠራለች፣ የታናሽ ወንድሟን ልብስ ታጥባለች። አጠገቧ ያለው ወንድ ልጅ ያጠናበትን ሰዓት እሷ አላገኘችም። መስመሩን ለሷ ዝቅ ያደረገ ሰው ያንን ሰዓት ቆጥሮላታል።

መቁረጫን ሰው እንደሚሠራው የኢትዮጵያ ሕዝብ አንድ ጊዜ በግልጽ ተናግሯል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ትምህርቱን የሚያሻሽል ጥናት አስጠንቶ ነበር፤ ሴክተር ሪቪው የሚባለው። ጥናቱ አብዛኛው የድኻ ልጅ አራት ዓመት ተምሮ ወደ እርሻው እንዲመለስ፣ ጥቂቱ ብቻ እንዲቀጥል የሚያደርግ ነው ተብሎ ተተረጎመ። ጥናቱን ያዘጋጁት ሰዎች የገጠሩን ልጅ ለመድረስ አስበው ይሆናል፤ ከባለሥልጣንና ከነጋዴ ቤት በቀር ሌላው ቤት የሰማው ግን «የናንተ ልጅ እዚህ ላይ ይቁም» የሚል ነበር። በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ አቆሙ። የታክሲ ነጂዎችም፣ ወታደሮችም በየራሳቸው ጥያቄ ተነሥተው ስለነበር አገር ተናወጠ፤ ጥናቱም ቀረ። አብዮት ያመጣው ብዙ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ወላጅ ልጁ የት ላይ እንደሚቆም ሌላ ሰው ሲወስንለት ምን ያህል እንደሚያመው ያ ጊዜ አሳይቷል።

ከ1993 እስከ 2011 ደግሞ 10ኛ ክፍል ላይ ሌላ ወንፊት ነበር። ያለፈ ወደ መሰናዶ፣ ያላለፈ ወደ ቴክኒክና ሙያ። «10 ፕላስ አንድ»፣ «10 ፕላስ ሁለት» የሚሉትን ስሞች ታስታውሷቸዋላችሁ። ሙያ ክቡር ነው፤ ብየዳም፣ ግንባታም፣ የመስኖ ሥራም አገር ያቆማሉ። ሙያ የሚመረጠው በፈተና ስለ ወደቁ ብቻ ሲሆን ግን ልጁም ሙያውም ተዋረዱ። እንግሊዞችም በትክክል እዚህ ላይ ነው የተሰናከሉት። የቴክኒክ ትምህርት ቤቶችን አቅደው፣ በቂ ገንዘብ ሳይመድቡላቸው፣ ካላለፉት አብዛኞቹን ወደ አንድ ቦታ ሰደዱ።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። ስለ ሽንፋ ከናንተ የበለጠ ልነግራችሁ አልችልም፤ የፈተናውን ነገር ከቆላው ጋር አያይዤ ማየት ግን እፈልጋለሁ።

የትምህርት ዓመት በመስከረም ይጀመራል። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ሰሊጥ የሚደርስበት ነው። ሰሊጥ ሰው አይጠብቅም፤ አንድ ሳምንት ከዘገየ ፍሬው እየፈነዳ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ከደጋ ሳሉግ የምንለው የቀን ሠራተኛ ይጎርፋል፤ ባለ እርሻው ክንድ ያለውን ሁሉ ይፈልጋል፤ 15 ዓመት የሞላው ልጅም ክንድ አለው። አጭዶ፣ ነዶ አስሮ፣ ነዶውን ለማድረቅ ሂላ አቁሞ የሚያገኘው ገንዘብ የዓመቱ ደብተርና ጫማ ነው። ልጁን «ለምን ሄድክ?» ብለን እንዳንቆጣው ራሳችን ልከነዋል። ያው ወር ደግሞ የወባ ጊዜ ነው። ስለዚህ ጎንደር ያለ ልጅ ሦስት ምዕራፍ ጨርሶ ሲጠብቅ የኛ ልጅ ኅዳር ላይ ደብተሩን ይከፍታል። በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ክፍል ውስጥ ሂሳብ ማሰብ ምን እንደሚመስል ያላየ ሰው ውጤቱን ብቻ አይቶ ባይፈርድ ጥሩ ነው።

ከዚህ በላይ ቋንቋው አለ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በመላው አገሪቱ የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚፈተኑትም በእንግሊዝኛ። መተማና ቋራ ውስጥ በጉሙዝኛ አፉን የፈታ ልጅ በአማርኛ ማንበብ ይጀምራል፤ ያንን በቅጡ ሳይጨርስ እንግሊዝኛ ይቀበለዋል። ፊዚክሱን ቢያውቀው እንኳ ጥያቄው የጠየቀውን ላይረዳ ይችላል። እንዲህ ያለ ልጅ ሦስተኛ ቋንቋ ላይ ተቀምጦ 40 ካመጣ፣ በኔ ሚዛን ጎበዝ ነው።

የፈተናው አሰጣጥም ተለውጧል። በ2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ተሰረዘ፤ ሌላ ተዘጋጅቶ በክረምት ተሰጠ። መሰረቁና መኮራረጁ ስላልቆመ ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ጀምሮ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ። ይህንን እደግፋለሁ። የተሰረቀ ፈተና የሚጎዳው ለፍቶ ያጠናውን ድኻ ነው፤ ገንዘብ ያለው መልሱን ይገዛዋልና። ሆኖም ለኛ ልጆች ይህ ማለት በጭልጋ በኩል ወደ ደጋ መውጣት፣ ብዙዎቹ በሕይወታቸው መጀመሪያ ጊዜ ከቤት ውጭ ማደር፣ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ብርድ አገር በማያውቁት ዶርም ውስጥ መተኛት ማለት ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልላችን በተፈጠረው ግጭት መንገዱ ራሱ ፈተና ሆኗል። ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶ የከረመባቸው፣ ፈተና ላይ ሳይቀመጡ ዓመቱ ያለፈባቸው የአማራ ክልል ልጆች ብዙ ናቸው። ስለነሱ ስናገር ንዴቴን መደበቅ አልችልም። እነሱ ያልወደቁበትን ፈተና ነው ያጡት።

የአባቶቻችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን ስለ ፈተና ሌላ መንገድ ያውቅ ነበር። ድጓ የተማረ ሰው ቤተ ልሔም ሄዶ ያስመሰክራል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ ደግሞ ዙር አምባ። ፈተናው ዋዛ አይደለም፤ መምህሩ ፊት ቁጭ ብሎ ከዳር እስከ ዳር በቃል ማለት ነው። ቀኑ የሚደርሰው ግን ተማሪው ሲደርስ ነው። ያልሞላለት ተመልሶ ይቀጽላል፤ ማንም «ወደቀ» ብሎ አይሸኘውም። ሴት ልጅን በአብዛኛው ያላስገባ፣ የሰውን ግማሽ ዕድሜ የሚጨርስ ትምህርት እንደነበር አልክድም። ተመልሶ መምጣት የሚቻልበት ፈተና ማቆየቱን ግን ልንወስድለት ይገባል።

«ወደቁ» የምንላቸው ልጆች ምን እንደሚያውቁ ለማሳየት አሁን ስለ ሽንፋ ወንዛችን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በመጋቢት 2016 የሽንፋ ስም በዓለም ታላላቅ የሳይንስ መጽሔቶች አንዱ በሆነው «ኔቸር» ላይ ታትሞ ወጣ። ተመራማሪዎች በወንዛችን ዳር ባገኙት ቦታ ከ74,000 ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎች ያደሩበትን፣ የበሉበትን ቆፍረው አውጥተዋል። ያ ጊዜ በኢንዶኔዥያ ቶባ የሚባለው ግዙፍ እሳተ ገሞራ የፈነዳበት ነው፤ አመዱ እዚህ ድረስ ደርሶ በአጉሊ መነጽር ብቻ የሚታይ ብናኙ በአፈሩ ውስጥ ተገኝቷል። በጋው ሲበረታ፣ ወንዙ ወደ ኩሬ ኩሬ ሲቆራረጥ፣ እነዚያ ሰዎች ዓሣ እየያዙ ኖሩ። የሰጎን እንቁላል ቅርፊት፣ የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም የተባሉ ትንንሽ የድንጋይ ስለቶችም ተገኙ። የዓለም ሊቃውንት በቆላ መኖር ስላወቀ ሰው ከኛ ወንዝ ተማሩ ማለት ነው። ሥራውን የመሩት በአሜሪካ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ናቸው፤ አክብሮት ይገባቸዋል። በበጋ ያ ወንዝ እንዴት እንደሚቆራረጥ፣ ዓሣው የት ኩሬ ውስጥ እንደሚሰበሰብ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእግሩ የሚያውቅ የሽንፋ ልጅን ግን ከነዚያ ሊቃውንት አንዱ ሆኖ ለማየት እመኛለሁ። ምናልባትም ባለፈው ፈተና 43 አምጥቶ «ወደቀ» ከተባሉት ውስጥ አንዱ ነው።

ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ሳንወጣ እንድንነጋገርባቸው የምፈልጋቸው ነገሮች አሉ።

መጀመሪያ የጥቅምት ጉዳይ። ሰሊጡን እንተው አልልም፤ የምንበላው እሱን ነው። ባለ እርሻዎች ግን እዚህ ተቀምጣችኋል። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪን ከሰኞ እስከ ዓርብ ላለመቅጠር ቃል ብትገቡ፣ ቅዳሜ ቢሠራ፣ ልጁ ገንዘቡንም ትምህርቱንም ያገኛል። ትምህርት ቤቱም በበኩሉ በጥቅምት ያመለጠው ትምህርት በጥርና በየካቲት ማካካሻ ሆኖ እንዲሰጥ ቀን ይቁረጥለት። መምህራን፣ ይህንን ስጠይቃችሁ ደመወዛችሁ ለወሩ መጨረሻ እንደማይደርስ አውቃለሁ፤ ስለዚህ የማካካሻውን አበል ወላጅ ያዋጣ። አንድ ኩንታል ሰሊጥ የሚሸጥ ሰው ከዚያ ላይ ጥቂት ኪሎ ለዚህ ማውጣት አያቅተውም።

ሁለተኛው ማታ ነው። ተከራይተው ከሚማሩት ልጆች ብዙዎቹ መብራት የላቸውም፤ ያላቸውም በአንድ ክፍል ሦስት አራት ሆነው ነው የሚያድሩት። የትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል በሶላር መብራት እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ክፍት ቢሆን፣ አንድ የታወቀ ዘበኛ ቢቆምለት፣ ለሴቶቹ ደግሞ አብረው የሚመለሱበት መንገድ ቢዘጋጅላቸው፣ ምርጥ ከተባሉት ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት ጥቂቱን እዚህ አመጣን ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው ሥራ የሚጠብቁ ወጣቶች በከተማችን አሉ፤ በዚያ ክፍል እንግሊዝኛ የማንበብ ሰዓት ቢይዙ ለራሳቸውም ይጠቅማቸዋል።

ሦስተኛው ለወላጅ መምህር ኅብረቱ ነው። ውጤት ሲመጣ የልጆቹ ስም ብቻ እየተነበበ አይብቃ። ርእሰ መምህሩ በወላጆች ፊት ቆመው በየትምህርቱ ስንቱ ተማሪ ስንት እንዳመጣ ይናገሩ። ወላጅም ይጠይቅ፦ የኬሚስትሪ መምህር ስንት ወር ሳይመደብ ቀረ? መጽሐፉ መቼ ደረሰ? ከዚያም ርእሰ መምህሩ በተራቸው ለወላጅ ያንብቡ፤ የማን ልጅ በጥቅምት ስንት ቀን ቀረ? በዚህ ስብሰባ ላይ ማንም እንዳይሰደብ የአገር ሽማግሌዎች ይቀመጡበት። ትምህርት ቤቱ ያጎደለውን በጽሑፍ ይዞ ወደ ወረዳውና ገንዳ ውኃ ወዳለው የዞን ጽሕፈት ቤት መሄድ የሚቻለው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው።

የመጨረሻው ያላለፉትን ይመለከታል። በግል ተፈታኝነት ተመዝግቦ መድገም ይቻላል። ለመስመሩ ቀረብ ላሉት ሬሜዲያል የሚባል የማጠናከሪያ ፕሮግራም ከ2014ቱ ውጤት በኋላ ተጀምሯል፤ ሙያ የሚፈልግም ወዶ ይሂድ። ከዚህ ከተማ ባለፉት ሁለት ዓመታት ተፈትነው ያላለፉ ልጆች ስም በትምህርት ቤቱ መዝገብ አለ። ያ ዝርዝር ይውጣና እያንዳንዱ የት እንዳለ ይጠየቅ፤ ሱዳን ድንበር ላይ ጭነት የሚያወርደውም፣ የተዳረችውም፣ ቤት የተቀመጠውም። መድገም የሚፈልግ ካለ የመመዝገቢያው ጊዜ ሳያልፍ ማን እንደሚያስመዘግበው ዛሬ እንወስን። እኔ የሂሳብ ትምህርቱን ለማስጠናት ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ። ሌሎቹን ትምህርቶች የምትይዙ መምህራን እጃችሁን ብታወጡ ስማችሁን አሁን እመዘግባለሁ።